የተራራ ብስክሌት ወይስ አለት መውጣት? አንዱን ለመምረጥ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ከቤት ውጭ የሚሠራ፣ ጉልበትንም ድፍረትንም የሚጠይቅ ስፖርት ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይዋልላሉ። ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ዳገትና ቁልቁለት ይፈልጋሉ፣ ሁለቱም አደጋ አላቸው፣ ሁለቱም በፎቶግራፍ ሲታዩ ልብ ይሰርቃሉ። አብዛኛው ጀማሪ የሚመርጠውም በዚሁ ማማራቸው ተስቦ ሲሆን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚያቋርጠው ግን ጣጣቸውን መሸከም አቅቶት ነው። ብስክሌተኛው ጭቃ ማጠብና ካቴና መቀባት ይሰለቸዋል፤ አለት ወጪው ደግሞ የተላጠ የጣቱ ቆዳ እስኪድን መጠበቅ፣ ወይም ገመድ የሚይዝለት ሰው መለማመጥ ይታክተዋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የትኛው ይበልጥ እንደሚያስደስት አይጠይቅም፤ የየትኛውን ጣጣ ሳይማረሩ መሸከም እንደሚችሉ በየደረጃው እንዲፈትሹ ይረዳል። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል መሥራት ይመረጣል፤ የመጀመሪያዎቹ በወረቀትና በእርሳስ የሚያልቁ ሲሆኑ የኋለኞቹ ሳምንታት ይወስዳሉ።

አንደኛ ደረጃ፦ ምኑን ከምኑ ጋር እንደሚያወዳድሩ ይለዩ

ሁለቱም ስሞች በውስጣቸው የተለያዩ ስፖርቶችን ይዘዋል። በተራራ ብስክሌት በኩል ክሮስ ካንትሪ የሚባለው ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በፍጥነት መጨረስን የሚጠይቅ የትንፋሽ ውድድር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1996ቱ የአትላንታ ጨዋታዎች ጀምሮ በኦሊምፒክ ውስጥ አለ። ኢንዱሮ የሚባለው ደግሞ ሰዓት የሚያዘው በቁልቁለቱ ክፍሎች ላይ ብቻ ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለውን ዳገት ተወዳዳሪው እንደ አቅሙ እየነዳ ይወጣዋል። ዳውንሂል ሙሉ በሙሉ ቁልቁለት ነው፤ ብስክሌቱም ከባድ ነው፣ የፊት አሞርዛተሩ እስከ 200 ሚሊ ሜትር ድረስ የሚታጠፍ በመሆኑ ዳገት ለመውጣት አይመችም። ከእነዚህ ሁሉ ውጪ ያለ ውድድር በጫካና በኮረብታ መንገድ መንዳት አለ፤ ጀማሪ የሚገባው በዚህ በር ነው።

በአለት መውጣት በኩል ቦልደሪንግ የሚባለው ያለ ገመድ፣ ከአራት ሜትር ብዙም በማይበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከሥር ወፍራም ፍራሽ ተነጥፎ የሚሠራ ነው። ቶፕ ሮፕ በሚባለው ገመዱ አስቀድሞ ከላይ ታስሮ ስለሚጠብቅ ወጪው ቢያመልጠው የሚወርደው ጥቂት ብቻ ነው። ሊድ በሚባለው ግን ወጪው ገመዱን ከታች ይዞ እየወጣ በየመንገዱ ከተተከሉ ማያያዣዎች ላይ ያያይዘዋል፤ ሲወድቅም ከመጨረሻው ማያያዣ በላይ ያለውን ርቀት ሁለት እጥፍ፣ ከዚያም በገመዱ መለጠጥ የተነሣ ትንሽ ጨምሮ ይወርዳል። የፍጥነት መውጣት በ15 ሜትር ግድግዳ ላይ የሚደረግ ሌላ ዘርፍ ነው። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሦስቱ ዘርፎች ለአንድ ሜዳሊያ ተደምረው ቀርበው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ፍጥነት ለብቻው ተለይቷል፤ ይህም ዘርፎቹ ምን ያህል የተለያየ አካልና ጠባይ እንደሚፈልጉ ያሳያል።

ይህን ሁሉ የማነሣው ብዙ ሰዎች ዳውንሂልን ከቦልደሪንግ ጋር አወዳድረው «ብስክሌት አደገኛ ነው» ስለሚሉ፣ ወይም ክሮስ ካንትሪን ከረጅም ገደል ጋር አወዳድረው በተቃራኒው ስለሚፈርዱ ነው። ለዚህ ምርጫ ሲባል ለስላሳ የኮረብታ መንገድን በአንድ ወገን፣ ቦልደሪንግንና ቶፕ ሮፕን በሌላው ወገን ያስቀምጡ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ያለፈውን ወር የቀን መቁጠሪያ ያውጡ

ያለፉትን አራት ሳምንታት ይመልከቱና በእርግጥ ነፃ የነበሩባቸውን ሰዓቶች ያስምሩባቸው። ሊኖረኝ ይገባል የሚሉትን ሳይሆን የነበረዎትን ይጻፉ። አብዛኛው የሥራ ሰው ጥቂት የምሽት ሰዓቶችና ግማሽ ቅዳሜ ያገኛል። የቤት ውስጥ መውጫ ግድግዳ በአቅራቢያዎ ካለ ጨለማውም ዝናቡም አይከለክልዎትም፤ አንድ ሰዓት ተኩልም ይበቃል። ከሌለ ግን እያንዳንዱ ልምምድ ወደ አለቱ የሚደረግ ጉዞ ይሆናል፣ ግማሹ ቀንም በመንገድ ያልቃል። ብስክሌት ከደጅዎ ይነሣል፤ ሆኖም መንገዱ ላይ እስኪደርሱ፣ ከነዱ በኋላም እስኪያጥቡና እስኪፈትሹ የሚወስደው ጊዜ ከንዳቱ ጋር መደመር አለበት።

የአየር ጠባይም ይመዘናል። ጭቃ በሆነ መንገድ ላይ መንዳት ጎማው ቦይ እንዲቆፍርና መንገዱ እንዲበላሽ ስለሚያደርግ፣ መንገዱን የሚንከባከቡ ሰዎች ከዝናብ በኋላ እንዳይነዱ ይጠይቃሉ። የአሸዋ ድንጋይ የሆነ አለት ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ጥንካሬውን ያጣል፤ ላዩ ደርቆ ቢታይም ውስጡ እስኪደርቅ መያዣው በእጅ ላይ ተሰብሮ ሊቀር ይችላል። ግራናይት ይህ ችግር የለበትም፤ ቶሎ ይደርቃል።

በዚሁ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ አብሮኝ የሚሠራ ሰው አለ ወይ? በገመድ መውጣት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል፤ ያውም በተስማማችሁበት ሰዓት የሚገኝና ገመድ አያያዝ በሚገባ የሚያውቅ ሰው። ብስክሌትና ቦልደሪንግ ለብቻም ይሠራሉ፤ ይሁንና ራቅ ባለ ቦታ ብቻውን የሚነዳ ሰው መንገዱንና የሚመለስበትን ሰዓት ለሰው ነግሮ መውጣት አለበት።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ፍርሃትዎን በሁለቱም ቦታ ይፈትሹ

በእኔ ግምት ከቀሩት ሁሉ ይልቅ ይህ ደረጃ ይፈርዳል። ሁለቱም ስፖርቶች ያስፈራሉ፣ የሚያስፈሩበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። አለት ላይ ፍርሃት ቀስ ብሎ ይመጣል። ሰውየው ቆሟል፤ እግሩ ከሁለት ጣት ውፍረት በማይበልጥ ጠርዝ ላይ ነው፣ ቀጣዩ መያዣ ከክንዱ ርዝመት ትንሽ ይርቃል፣ ለማሰብም ጊዜ አለው። የሚያሰቃየውም ጊዜ ማግኘቱ ነው። በፍርሃት አጥብቆ በያዘ ቁጥር የክንዱ ጡንቻ እየደነደነ ይሄድና በመጨረሻ ጣቶቹ ሳይፈልግ ይከፈታሉ። ብስክሌት ላይ ግን ፍርሃት በድንገት ይመጣል፤ ሥሩ ወይም ድንጋዩ ሲታይ ለመወሰን የቀረው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ቆም ብሎ ማሰላሰል የሚወድ ሰው በመጀመሪያው ይረጋጋል፣ ማሰላሰል ይበልጥ የሚያስጨንቀው ሰው ደግሞ በሁለተኛው።

ፍርሃት የሚመክረው ነገር በሁለቱም ስፖርቶች ከሞላ ጎደል ስህተት ነው። አለት ላይ ሰውነትን ከድንጋዩ ጋር አጣብቁ ይላል፤ ጋደል ባለ አለት ላይ ይህን ያደረገ ሰው ክብደቱ ከእግሩ ላይ ስለሚነሣ ጫማው ይንሸራተታል። ብስክሌት ላይ ወደ ኋላ ሽሹና ፍሬን ጨብጡ ይላል፤ ይህን ያደረገ ሰው የፊት ጎማው ክብደት አጥቶ መሪውን አይታዘዝለትም። እንግዲህ የሚመርጡት ስፖርት የፍርሃትን ምክር ለመጣስ የሚችሉበት መሆን አለበት።

ፈተናው እንዲህ ይሠራል። አሠልጣኝ ባለበት ግድግዳ ላይ፣ በቶፕ ሮፕ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ይውጡ። ገመድ ያዡ ገመዱን እንዲያጠብቅ ይንገሩት፣ ከዚያም ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ሁሉ በመቀመጫ ቀበቶው ላይ ይቀመጡ፣ እግርዎን በትከሻ ስፋት ከፍተው ግድግዳውን ይርገጡ፣ ሁለቱንም እጆችዎን ይልቀቁ። ትንፋሽዎ እስኪመለስ ይጠብቁና እንዲያወርድዎ ይጠይቁት። ይህንኑ ከፍ እያሉ ይድገሙት።

ለብስክሌቱ ደግሞ ሣር ያለበት፣ መጨረሻው ሜዳ የሆነ ቀላል ቁልቁለት ይፈልጉ። ኮርቻውን ዝቅ ያድርጉ። ፔዳሎቹን እኩል ያድርጓቸውና ከኮርቻው ተነሥተው ይቁሙ፤ ጉልበትዎና ክርንዎ ይታጠፉ፣ ክርንዎ ወደ ውጭ ይከፈት፣ በእያንዳንዱ ፍሬን ላይ አንድ ጣት ብቻ ይቀመጥ። ዓይንዎ ከጎማው ፊት ያለውን መሬት ሳይሆን ርቆ የሚመጣውን ይመልከት። ፍሬኑን ሳይነኩ እስከ ሜዳው ይውረዱ፤ ከዚያም ከፍ ካለ ቦታ እየጀመሩ ይድገሙት።

ፈርቼ ነበር ወይ ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም ይፈራል። የሚጠየቀው በድግግሞሽ የቀነሰው ፍርሃት የትኛው ነው የሚለው ነው። በቁጥር እየቀለለ የሄደው የእርስዎ ሳይሆን አይቀርም። እዚያው የቀረው ወይም የባሰው ወደፊትም በልምምድ የሚለቅዎ ቢሆንም ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል።

በገመድ መውጣት ላይ ሌላ ዓይነት ጭንቀትም አለ፤ ለጓደኛ ገመድ መያዝ። የሰው ሕይወት በእጅ ላይ ነው፣ ሥራው ለረጅም ደቂቃዎች አንገትን ቀና አድርጎ መጠበቅ ነው፣ መዘናጋትም አይፈቀድም። ቀልበ ቢስ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ከራሱ ጋር በሐቅ ይነጋገርበት።

አራተኛ ደረጃ፦ ሰውነትዎን ይመርምሩ

ብስክሌት በዋናነት የልብ፣ የሳንባና የእግር ሥራ ነው። ረጅም ዳገት ላይ ያለማቋረጥ መግፋት ትንፋሽን ያሰፋል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ክንድን፣ ትከሻንና ወገብን ያሠራል። አለት መውጣት የጣት፣ የጀርባና የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፣ መተጣጠፍንም ይፈልጋል፤ ልብን የማሠራቱ ነገር ግን እንደ ብስክሌት አይሆንም፤ መካከል ላይ ብዙ ዕረፍት አለና። ክብደት በአለት ላይ ይበልጥ ይሰማል፤ እያንዳንዱን ኪሎ በጣት ጫፍ መሸከም ግድ ነውና። ብስክሌት ላይ ክብደት ዳገት ላይ ያስቸግራል፣ የሚሸከመው ግን ጎማው ነው።

ጉዳቶቹም ይለያያሉ። የብስክሌተኛ ጉዳት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቅጽበት የሚመጣ ነው፤ በተዘረጋ እጅ ላይ ወድቆ የእጅ አንጓን ወይም የብራኳን አጥንት መስበር የታወቀ ነው። የአለት ወጪ ጉዳት ግን ቀስ ብሎ ይከማቻል። የጣት ጅማትን ከአጥንት ጋር አጣብቀው የሚይዙ ቀለበት መሰል ማሰሪያዎች አሉ፤ ትንንሽ መያዣዎችን ጣት አጥፎ በኃይል መያዝ እነዚህን ሊበጥስ ይችላል። ጡንቻ በጥቂት ወራት ይጠነክራል፣ ጅማት ግን እጅግ ዘግይቶ ይከተላል፤ ስለዚህ በጉልበቱ የተማመነ ጀማሪ በቶሎ ይጎዳል። ከባድ የጣት ሥራ ከሠሩ በኋላ 48 ሰዓት ያህል ማረፍ፣ በመጀመሪያው ዓመትም ለጣት ማጠንከሪያ ተብለው ከሚሠሩ ጠባብ ጣውላዎች መራቅ ይበጃል። አካላቸው ገና በማደግ ላይ ላለ ታዳጊዎች ይህ ጥብቅ ነው፤ በጣቶቻቸው አጥንት ላይ ያለው የእድገት ክፍል ከጅማቱ ቀድሞ ይሰበራልና። ቦልደሪንግ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ውድቀት መሬት ላይ የሚያበቃ በመሆኑ ቁርጭምጭሚት ይጎዳል።

ትከሻዎ ከዚህ ቀደም ወልቆ ከሆነ ሁለቱንም ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ።

አምስተኛ ደረጃ፦ ወጪውን በሁለት ዓምድ ይጻፉ

በአንዱ ዓምድ መነሻ ወጪውን፣ በሌላው በየጊዜው የሚመጣውን ይጻፉ። የብስክሌት መነሻ ወጪ ከፍ ያለ ነው፣ ተከታዩም አያልቅም፤ ካቴና ይረዝማል፣ የፍሬን ሸራ ያልቃል፣ ጎማ ይበሳል፣ አሞርዛተር ዘይቱ ይቀየራል። ካቴና ሲያረጅ በጊዜው ካልተቀየረ ጥርሶቹን ይበላና ወጪውን ያበዛል፤ ስለዚህ ትንሿን የካቴና መለኪያ ቀድመው ይግዙ። አለት መውጣት በጫማና የእጅ ላብ በሚያደርቀው ነጭ ዱቄት ይጀመራል፤ የመቀመጫ ቀበቶ፣ ካራቢነር የሚባለው የሚቆለፍ የብረት ማያያዣና ገመድ መያዣ መሣሪያ ቀጥለው ይመጣሉ፣ ገመድ ግን የልምድ ባለቤት እስኪሆኑ ሌላ ሰው ያመጣዋል። የቤት ውስጥ ግድግዳ የሚከፈልበት መሆኑን በሁለተኛው ዓምድ አይርሱ።

ያገለገለ ዕቃ መግዛትን በተመለከተ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ያገለገለ ብስክሌት በጥንቃቄ ከታየ ጥሩ ግዢ ነው። የብየዳ መጋጠሚያዎቹን ለስንጥቅ ይመርምሩ፣ የፊት ፍሬኑን ጨብጠው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየነቀነቁ መሪው ሥር የሚንገጫገጭ ነገር እንዳለ ይስሙ፣ ቸርኬውን አሽከርክረው መወላገዱን ይመልከቱ፣ የአሞርዛተሩን አንጸባራቂ ዘንግ በጥፍርዎ ዳብሰው ጭረት ይፈልጉ። ታሪኩን የማያውቁትን ያገለገለ ገመድ ወይም የመቀመጫ ቀበቶ ግን በነፃ ቢሰጥዎም አይቀበሉ። የባትሪ አሲድ የነካው ወይም ብዙ ዓመት ፀሐይ የመታው ገመድ ከውጭ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ አምራቾችም ለእንዲህ ያሉ የጨርቅ ዕቃዎች ባይሠራባቸው እንኳ የዕድሜ ገደብ ያስቀምጣሉ፣ የተለመደው ጣሪያም 10 ዓመት ነው።

ሄልሜቱን ለሁለቱም እጠቀምበታለሁ ብለው እንዳያስቡ። የብስክሌት ሄልሜት የአውሮፓ ደረጃው ኢኤን 1078 ሲሆን ከመሬት ጋር ለመጋጨት የተሠራ ነው፤ የአለት መውጫው ኢኤን 12492 ደግሞ ከላይ የሚወድቅ ድንጋይንም ታሳቢ ያደርጋል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ሁለቱንም ለአራት አራት ሳምንት ይሞክሩ

ወረቀቱ አልቋል፤ አሁን በተውሶና በኪራይ ዕቃ ይሞክሩ። አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ይለፉ፤ ማቀላቀል ፍርዱን ያደበዝዛል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል።

በአለት መውጣት ሳምንታት ውስጥ ከሁሉ በፊት የስምንት ቁጥር ቋጠሮን ይማሩ። ከገመዱ ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ትተው ስምንት ቁጥር ይሥሩ፤ ጫፉን በመቀመጫ ቀበቶው የታችኛውና የላይኛው ማሰሪያ ነጥቦች ውስጥ ያሳልፉ፣ ከዚያም የመጀመሪያውን ስምንት መስመር ሳይስቱ ተከትለው ይመለሱ። ሲያልቅ አምስት ቦታ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጋደሙ መስመሮች መታየት አለባቸው፤ የሚተርፈው ጫፍም ከአሥር ሴንቲ ሜትር አይነስ። አንድ በአንድ ስበው ያጥብቁት። ከመነሣትዎ በፊት እርስዎ የጓደኛዎን ካራቢነር መቆለፉንና ገመዱ በመሣሪያው ውስጥ በትክክል መግባቱን ይዩ፣ እሱም የእርስዎን ቋጠሮና የወገብ ማሰሪያ በእጁ ነክቶ ያረጋግጥ። አንዳንድ ልምድ ያላቸው አለት ወጪዎች ይህን ይዘልላሉ፤ አብዛኛው የሞኝ አደጋ የሚደርሰውም በዚያ ነው።

በብስክሌቱ ሳምንታት መጀመሪያ የጎማውን አየር ያስተካክሉ። ጠንክሮ የተነፋ ጎማ በድንጋይ ላይ ይዘልላል፣ በጣም የላላው ደግሞ ቸርኬውን ያስመታል፤ እንደ ክብደትዎና እንደ ጎማው ስፋት፣ በፒኤስአይ (በአየር ግፊት መለኪያው) ከ20 እስከ 30 ባለው ውስጥ እየሞከሩ የሚመችዎን ያግኙ። ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ከፍ ያለ አየር ይፈልጋል። አሞርዛተሩ በቆሙበት ክብደት ብቻ ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ከ20 እስከ 30 በመቶ ዝቅ እንዲል ያስተካክሉት። ከዚያ ፍሬንን ይለማመዱ፤ አብዛኛው የማቆም ኃይል በፊተኛው ፍሬን ላይ ነው፣ ስለዚህ መፍራት ሳይሆን ቀስ አድርጎ መጨመርን መልመድ ያስፈልጋል። ፍጥነትዎን ከመታጠፊያው በፊት ይቀንሱ፣ በመታጠፊያው ውስጥ ይልቀቁ።

የመንገድና የአለት ደረጃዎች እንዳያወናብዱዎ ይጠንቀቁ። መንገዶች በአረንጓዴ፣ በሰማያዊና በጥቁር ምልክት ይለያሉ፤ የአንዱ ቦታ ሰማያዊ ግን ለሌላው ጥቁር ሊሆን ይችላል። በፈረንሳዩ የአለት መለኪያ ጀማሪ ከ4 እስከ 5 ባለው ይንቀሳቀሳል። በዚሁ መለኪያ እጅግ ከባድ የሆነው 9ሲ ደረጃ የተሰጠው የመጀመሪያው መንገድ ቼካዊው አለት ወጪ አዳም ኦንድራ እ.ኤ.አ. በ2017 በኖርዌይ ፍላታንገር ያጠናቀቀው ነው። በአራት ሳምንት ውስጥ ከፍ ያለ ቁጥር ላይ መድረስም ሆነ አለመድረስ ስለ ምርጫው ምንም አይናገርም።

በየምሽቱ አንድ መስመር ይጻፉ። የሚጻፈው ደስ አለኝ ወይም አልተሳካም የሚል አይሁን፤ ደክሞኝ ወይም ከፍቶኝ በነበረ ቀን ተነሥቼ ሄድኩ ወይ የሚለው ይጻፍ፤ ከልምምዱ በኋላም ዕቃውን ሲያጥቡ፣ ገመዱን ሲጠቀልሉ ወይም የጣትዎን ቆዳ ሲሞርዱ ያማረሩበትን ቀን ያስፍሩ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ይፍረዱ

ስምንቱን ሳምንታት አንድ ላይ ያንብቡ። ብዙ የሄዱበት፣ ጥቂት ያማረሩበትና ፍርሃቱ የቀነሰበት ያው አንዱ ከሆነ ምርጫው ተደርጓል። ሦስቱ የማይስማሙ ከሆነ እኔ ለሄዱበት ቀን ብዛት አደላለሁ፤ ፍርሃት በመደጋገም ይቀንሳል፣ የማይኬድበት ስፖርት ግን የሚደጋገምበት ዕድል የለውም። ከቤት ውጭ መሆን የሚፈልጉ፣ ብቻቸውን መሆን የማያስከፋቸው፣ ሰፊ መሬት ማዳረስ የሚወዱ ሰዎች ወደ ብስክሌቱ ያደላሉ። አንድ እንቆቅልሽ ላይ ደጋግሞ መሞከር የማይሰለቻቸው፣ በሙከራ መካከል ከሰው ጋር መጨዋወት የሚወዱ ደግሞ ወደ አለቱ።

ሁለቱንም ልያዝ የሚል ካለ ይቻላል፤ ሆኖም ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲጨብጥ የዋለ ክንድ በማግሥቱ አለት ላይ አይታመንም። አለቱን ቀድመው ይሥሩ፣ ወይም በመካከላቸው አንድ ቀን ይተዉ።

ውሳኔው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ወር ለዕቃ ግዢ አይደለም። ብስክሌትን የመረጠ ሰው ጎማ መለወጥን፣ የተበሳ ካላማዳሪያ መጠገንንና የተበጠሰ ካቴና መገጣጠምን ቤቱ ተቀምጦ ይልመድ፣ ኋላም ማስተካከያዎቹን በኪሱ ሳይዝ አይውጣ። አለትን የመረጠ ሰው ደግሞ ፈቃድ ካለው አሠልጣኝ ዘንድ ገመድ አያያዝን ይማር፤ ሊድ መውጣትን የሚጀምረው ገመድ ያዥነቱ በአሠልጣኙ ዓይን ከተፈተነ በኋላ ነው።